በአጥር ላይ የምትሻገረው ጌም

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ተራ ማስከበር። የትኛው ሚኒባስ ቀድሞ እንደሚጭን፣ የትኛው ከኋላ እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነበር። መኪናው ሲሞላ የኋላውን በር በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርግና "ውጣ!" ይላል። ያኔ ሹፌሩ ማርሽ ያስገባል። ያቺን ምት ሳይሰማ የተንቀሳቀሰ ሹፌር አባቴን አያውቀውም ማለት ነው። ቤትም ውስጥ ያው ነው። ለመታጠብ ተራ፣ ለመብላት ተራ፣ ለመቆጣት ሳይቀር ተራ ነበረን። እኔ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ ተራ የሚባል ነገር ገና በልጅነቴ አንገሽግሾኛል።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን የከተማችን ወጣቶች ተደራጅተው መናኸሪያውን ተረከቡ። አባቴን በጭብጨባና በአንድ ጋቢ ሸኙት። ጋቢውን ለብሶ በረንዳችን ላይ ይቀመጥና ከመንገዱ የሚመጣውን የመኪና ጥሩምባ እየሰማ "ይሄ ያለተራው ነው የወጣው፤ ይሄም ያለተራው ነው" ሲል ይውላል። እናቴ ሥራ ፈት ባል ቤት ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያወቀችው ያኔ ነው። ድስቷን እየከፈተ ምን ቀድሞ እንደገባ መጠየቅ ጀምሮ ነበር።

ሥራውን ከመልቀቁ በፊት የሆነውን ካልነገርኩ ግን የቀረው አይገባም።

አጥር የሚለየን ጎረቤታችን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፤ ለዒድ ቀድሞ እንኳን አደረሳችሁ የሚለን እሱ፣ ለገና ቀድሞ በራቸውን የሚያንኳኳው አባቴ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለነሱ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ደሴ ሲሄድ ጋቢና ላይ ያስቀምጠኛል። "አንቺን ለባልሽ የማደርስሽ በዚች መኪና ነው፤ እንዲሁ ጋቢና አስቀምጬ። ሌላ ሰው መሪ ቢነካ ወዮለት!" ይለኝ ነበር። እኔም ባል ማለት እንደ ውጫሌ ወይም መርሳ ያለ አንድ ፌርማታ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው የስፌት ሱቄ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጩኸት ሰማሁ። ጎረቤታችን ሞልቶ ወደ ውጫሌ ሊወጣ ሲል አባቴ መኪናው ፊት ተገትሯል። ሰልፍ ይዘው የሚጠብቁ መኪኖች ነበሩ፤ ጎረቤታችን እነሱን ሁሉ አልፎ ነው የመጣው። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ይጮኻሉ። መናኸሪያ ውስጥ እቸኩላለሁ ብሎ የማይጮኽ ተሳፋሪ ስለሌለ አባቴ ጆሮ አልሰጠም። ሹፌሩ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ዝም። አባቴ እጁን አንሥቶ እያንቀሳቀሰ መኪናውን ከነሰዉ ወደኋላ አስነዳውና ከሰልፉ መጨረሻ አቆመው። የሴቶቹ ነጠላ መዘቅዘቁን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ታርጋ እንጂ ልብስ አያይም። አምባሰል ለቀብር የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ቀብሩም አመለጣቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አባቴ "ለቅሶ ነው ብሎ ሊነግረኝ ይገባ ነበር" ይላል። ጎረቤታችን "የማን ለቅሶ ነው ብሎ ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር" ይላል። ሽማግሌ ገባ። ይቅርታ የሚጠይቀው ታናሹ ይሁን ሲባል ሁለቱም ታላቅ ነኝ አሉ። በአንድ ክረምት የተወለዱ ሰዎች ናቸው፤ ማን ቀድሞ እንደተወለደ የሚያውቁት እናቶቻቸው ሞተዋል። ሽማግሌዎቹ መጨረሻ ላይ "መጀመሪያ የመናገር ተራው የማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሁለቱም ጣታቸውን ወደ አጥሩ ማዶ ቀሰሩ። እናቴና የጎረቤታችን ሚስት ግን በአጥሩ ቆርቆሮ መሐል ባለችው ክፍተት ወንፊት መዋዋሳቸውን አላቋረጡም። እነሱ ለኩርፊያ ጊዜ አልነበራቸውም።

ነገሩ እኔን የነካኝ ስታጭ ነው። እጮኛዬ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ውጫሌ ያስተምራል። አባቴ ለሠርጉ መኪና ከደሴ ልከራይ ሲል እኔ ደሜ ፈላ።

"በጋሼ መኪና ካልሆነ አልሄድም!"

"ልጅቱ መኪና ልታገባ ነው እንዴ? ያ አላህ!" አለች እናቴ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም አልለቀቅኩም። ያ ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ ቃል ገብቶልኛል። እሱን አጥር ማዶ አስቀምጬ በሌላ ሰው መኪና ስወጣ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ለእጮኛዬ እስኪታረቁ ጠብቀኝ አልኩት። የሱን ትዕግሥት አላህ ይቁጠርለት።

ወንድሜ ከጅዳ የተመለሰው እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ነው። ከሻንጣው ውስጥ እንደ መጽሐፍ የምትከፈት፣ ከላይና ከታች ሁለት ስክሪን ያላት፣ መዳፍ የምታክል ጌም አወጣ። ውስጧ ያለው ጨዋታ ተማሪ ሳለ ደሴ ኮምፒውተር ቤት ሲጫወተው የኖረው፣ ዓለም ያወቀው የመንግሥታት ጨዋታ ነው፤ ይሄኛው ለእጅ ተብሎ ያነሰ ነው። አንድ ሕዝብ ይዘህ ትነሣለህ። ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ጎተራ ትሠራለህ፣ መንገድ ታወጣለህ፣ ወታደር ታሠለጥናለህ፤ ከጎረቤትህ ትዋጋለህ ወይም በሰላም ትኖራለህ። አባቴ ከወንድሜ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየ።

"ያ ጠላትህ ምነው ዝም አለ? ፈርቶህ ነው?"

"ተራው አይደለማ፣ አባዬ።"

አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። "ተራው አይደለም? ማነው ያስቆመው?"

"ጌሟ ናታ። እኔ ጨርሻለሁ የሚለውን ቁልፍ እስክነካ ድረስ ንቅንቅ አይልም።"

"ቢቸኩልስ?"

"ቢቸኩልም።"

"መጀን!" አለ አባቴ። "ወላሂ እንዲህ ያለ ተራ አስከባሪ እኔም አልነበርኩ።" ጌሟን ከወንድሜ እጅ የወሰዳት ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም በሚገባ አልመለሰለትም።

የሚጫወተው መጀመሪያ ከራሷ ከጌሟ ጋር ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አጠገቡ ሆኜ አነብለታለሁ። ብዙም ሳይቆይ ግን ማጉረምረም ጀመረ። "ይሄ ሰው አይደለም። ሰው ቢሆን አንድ ቀን ይሳሳትና እንስቅበት ነበር። ሲሸነፍ እንኳ አይናደድም!" ማሸነፍ ሳይሆን ማናደድ እንደናፈቀው ገባን። ወንድሜ "ሰው ላምጣልህ?" አለና ይዟት ወጣ። ሁለት ሰው በአንዲቱ ጌም እየተቀባበለ መጫወት ይችላል፤ አንዱ ተራውን ሲጨርስ ለሌላው ያቀብላል።

ሲመለስ አዲስ ጨዋታ ተጀምሮ፣ ተቃራኒው መንግሥት የመጀመሪያ ከተማውን ቆርቁሮ ነበር። አባቴ የከተማውን ስም አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩ።

"ጋቢና።"

ለዋና ከተማው ጋቢና የሚል ስም የሚያወጣ ሰው ከአንድ ሰው በቀር የለም። ወንድሜ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ለመሮጥ መሆኑ ነው። አባቴ አጥሩን አየ፣ ጌሟን አየ፣ ጺሙን ዳበሰ።

"የኔን መናኸሪያ ብለሽ ጻፊው" አለኝ።

እንዲህ ሆነና የመናኸሪያና የጋቢና መንግሥታት ተመሠረቱ። ከዚያ ወዲያ የነበሩትን ወራት ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ። ጌሟ በወንፊት ማቀበያው ክፍተት ትሻገራለች፤ አሻጋሪዋ እኔ ነኝ። ጎረቤታችን በደሴ–ወልድያ መንገድ የሚያውቃቸውን ፌርማታዎች በሙሉ ከተማ አደረጋቸው፤ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ሁሉም በየቅደም ተከተላቸው። የአባቴ ወታደሮች ደግሞ ሁልጊዜ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ነው የሚሄዱት። ወንድሜ "አባዬ፣ በተን አድርጋቸው እንጂ" ቢለው "ተጋፍቶ የሄደ የት ደረሰ?" ይለዋል።

ኩርፊያው ግን እንዳለ ነው። የተኳረፈ ሰው ሕግ አለው፤ ፊት ለፊት አይነጋገርም። ሁለቱም ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ በርጩማ አምጥተው ይቀመጣሉ፤ ትንፋሽ ለትንፋሽ ይሰማማሉ።

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ መንገዴ ላይ ወታደር አቁሟል" ይላል ጎረቤታችን።

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ መንገዱን የሠራሁት እኔ ነኝ" ይላል አባቴ።

እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱም የሰሙትን ደግሜ እናገራለሁ። ካልደገምኩት እንዳልተባለ ይቆጠራል። አንድ ቀን ሰለቸኝና "ሰምታችኋል!" ብዬ ብሄድ ሁለቱም ባንድ ድምፅ "ይቺ ልጅ ባለጌ ሆናለች" አሉ፤ እሱንም የተናገሩት ለየሚስቶቻቸው ነው። እናቴ ግን ባሏ ጺሙን መከርከም መጀመሩን፣ ድስት መክፈት መተዉን እያየች በሆዷ ትስቅ ነበር። እኔም በጌሟ አንድ ቀን አፋቸው ይፈታል እያልኩ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እጮኛዬም ስልክ በደወለ ቁጥር "ዛሬ ማን ከተማ ያዘ?" ይለኛል።

በዚህ መሐል የጎረቤታችን አክስት ሞተች። ኩርፊያ ለቅሶ አያስቀርም፤ አባቴ ሄዶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ውኃ ቀዳ፣ ወንበር አነሣ። ከባለለቅሶው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ሠልስት ወጣ። ጌሟ እኛ ጋ ነበረች፤ ተራው የአባቴ ነው። ወታደሮቹ ጠባቂ የሌላትን የጎረቤታችንን ከተማ ውርጌሳን ከበው ቆመዋል። ወንድሜ ስክሪኑን ሲያይ ዘለለ።

"አባዬ፣ ዛሬ ከተማው ያንተ ነው! አንዲት ጊዜ ብቻ ንካው!"

"ሰውዬው ሐዘን ላይ ነው።"

"ጌም እኮ ነው!"

"ጌም ቢሆንስ? ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ወታደር ይቆማል እንዴ?"

ወታደሮቹን አንድ በአንድ፣ በሰልፋቸው፣ ከወንዙ ማዶ እስኪሻገሩ መለሳቸውና ጨርሻለሁ የሚለውን ቁልፍ ነካ። ወንድሜ ራሱን ይዞ ወጣ። ጌሟን ለጎረቤታችን ሳቀብለው ከፍቶ ብዙ አያት።

"አንቺ ነሽ የመለስሻቸው?"

"እሱ ነው፣ ጋሼ።"

ስክሪኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ዘጋት። የዚያን ቀን ምንም መልእክት አልላከም። በቃ፣ ሠርጌ ደረሰ ብዬ ልቤ ዘለለ። በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው..." ሲል ስሰማ ወንፊቱን በሁለቱም ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ እውነተኛው ጦርነት መጣ። ስለሱ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ያየ አይቶታል። መጀመሪያ ከሰሜን የተፈናቀሉት በከተማችን አለፉ፣ እኛም እንጀራና ውኃ ይዘን መንገድ ዳር ቆምን። ከዚያ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀረበና የመሄድ ተራው የኛ ሆነ። በዚያን ቀን መናኸሪያው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ይረማመድ ነበር። ተራ የሚያስከብሩት ወጣቶች አንዳቸውም የሉም። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። እናቴ ብትጮኽ አልሰማም፤ እኔ ተከትዬው ሮጥኩ።

መሐል ገብቶ ቆመና ያን የድሮ ድምፁን አወጣ። "ልጅ የያዘች ትቅደም! አረጋውያን በዚህ! አትጋፉ፣ ሁሉም ይደርሰዋል፣ አብሽሩ!" ሰዉም ሰማው። ዕድሜ ልኩን የሰማው ድምፅ ስለሆነ ይመስለኛል። ሚኒባስ ይሞላል፣ አባቴ የኋላውን በር ይመታል፣ "ውጣ!"፤ ሌላው ይጠጋል። እኔ የሴቶቹን ጓዝ እያቀበልኩ ቀና ስል ከሰልፉ መጨረሻ የጎረቤታችንን መኪና አየሁ።

ሚስቱ፣ እናቴና ወንድሜ ውስጡ ተቀምጠዋል። ከሰፈራችን በቀጥታ አስፋልት ይዞ መውጣት ይችል ነበር። እሱ ግን መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ከኋላ ተሰልፏል። ሰው በመስኮቱ "ምን ትጠብቃለህ?" እያለ ይጮኽበታል፤ እሱ መሪውን ይዞ ወደፊት ብቻ ያያል። ጋቢና ልግባ ላለው ሁሉ "ተይዟል" ይላል።

ከፊቱ ያሉት ሁሉ ወጡ፤ የቀረው መኪና የሱ ብቻ ሆነ። አባቴ የቀሩትን ሰዎች አስገባ፣ እኔንም በአንዲት እናት ጉልበት ላይ አስጠጋኝና የኋላውን በር ሁለቴ መታ። መኪናው አልተነቃነቀም። ደግሞ መታ። የለም። አባቴ ተቆጥቶ ወደፊት ሲመጣ ጎረቤታችን ጎንበስ አለና የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈተለት። አባቴ "ቢስሚላህ" ብሎ ገባ።

ከተማችንን ትተን ወደ ደሴ አቅጣጫ ራቅን። አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅስ ነበር። ጎረቤታችን አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ከዳሽቦርዱ ላይ ፎጣውን ገለጠና ጌሟን ለአባቴ ሰጠው።

"ተራህ ነው" አለ።

ከዚያ የገበያ ቀን ወዲህ በቀጥታ ሲናገረው ይህ የመጀመሪያው ነው። አባቴ ከፈታትና ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አቀረበ። "ድንበሬ ላይ የነበረው ያ ሁሉ ወታደርህ የት ገባ?" አለ።

"መለስኩት። ዛሬ ሁላችንም ለቅሶ ላይ አይደለንም እንዴ?"

አባቴ ጌሟን እንደያዘ በሌላው እጁ የጎረቤታችንን ጉልበት ጨበጠ። የጎረቤታችን ሚስት እናቴን በክርኗ ጎሸመቻት። እኔ ቤቴንም ሱቄንም ጥዬ እየሸሸሁ ሳቄ መጣ፤ ደስ አለኝ፣ በደስታዬም አፈርኩ፣ ተመልሼም ደስ አለኝ።

ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር። የስፌት መኪናዬ የለም፣ የእናቴ ዕቃ የለም፤ ሁለቱን ግቢ የሚለየው ቆርቆሮ ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል። እናቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። አባቴና ጎረቤታችን ግን አጥሩ በነበረበት ቦታ ላይ በርጩማቸውን አምጥተው ተቀመጡ። እንደገና እንጠረው ያለ ሰው እስካሁን አልመጣም። ጌሟ ከኛ ጋር ስለነበረች ተርፋለች፤ መብራት እስኪመለስ በሚኒባሱ ባትሪ እየተሞላች ሠራች። አሁን ያለ መልእክተኛ ነው የሚሰዳደቡት። የዚያን የገበያ ቀን ነገር ግን አንዳቸውም አያነሡትም፤ እኔም እንዳላበላሽባቸው ብዬ አልጠየቅኩም። መጀመሪያ የተናገረው ማነው በሚለው ላይ ብቻ ይከራከራሉ። አባቴ "እኔ በሩን ስመታ ተናግሬያለሁ" ይላል።

የሠርጌ ቀን ሚኒባሱ ታጥቦ፣ ፊኛና ሪባን አጥልቆ ደጃፋችን ቆመ። ኒካሑ ታስሯል። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ከኋላ፣ እኔ በተገባልኝ ቃል መሠረት ጋቢና። ጎረቤታችን ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ኮት ለብሷል። እልልታው እንደቀለጠ ተነሣን፤ አባቴና አጃቢዎቹ በሌላ መኪና ይከተሉናል። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ግን ጋሼ መሪውን ጠምዝዞ ወደ ውስጥ ገባና ወደ ውጫሌ ከሚሄዱት ሚኒባሶች ሰልፍ ኋላ ሄዶ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

እልልታው ተቋረጠ። ከኋላ ሚዜዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ግን የት እንደቆምን አወቅኩ፤ ያን ቀን አባቴ ለቀስተኞቹን አስነድቶ ያቆመው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። አባቴ ከኋላችን ካለው መኪና ወርዶ መጣና በተከፈተው መስኮት ጎንበስ አለ።

"ምን ትሠራለህ እዚህ?"

"ተራዬን እየጠበቅኩ ነው" አለ ጋሼ፣ ወደፊት እያየ።

አባቴ ሰልፉን አየ። እኔን አየኝ። ተራ አስከባሪዎቹ ወጣቶች ሥራቸውን ትተው ያያሉ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና መናኸሪያው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

"ሠርግና ለቅሶ ተራ የለውም!" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ይህንን የሰማነው እኔና ጋሼ ብቻ ነን። "ያን ቀንም አልነበረውም።"

ወደኋላ ሄደና በሩን ሁለቴ መታ። ጋሼ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ፣ ሰልፉ ሁሉ ገለል አለልን፣ እልልታው ካቆመበት ቀጠለ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ።

"አቧራ ነው" አለኝ።

ከሐይቅ ውጫሌ መንገዱ በሙሉ አስፋልት ነው።